ነህምያ ቀለቡን ለምን ተወ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የፈረሰውን የኢየሩሳሌም ቅጥር ስላሠራው፣ ስለ መጽሐፍ ቅዱሱ ነህምያ ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። አብዛኛው የመጣው ከከተማዋ ዳርዳር ነው፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከጀሞ፣ ከለገጣፎ። አይገርመኝም። አዲስ ሰፈር የገባ ሰው ኮሚቴውንም፣ እድሩንም፣ ጥበቃውንም ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ሁሉንም ለመመለስ ቦታ ስለማይበቃ ጥቂቶቹን መርጫለሁ።

አንድ የቱሉ ዲምቱ አንባቢ ቅጥሩ በስንት ቀን እንዳለቀ ከጓደኛቸው ጋር ተከራክረዋል።

በ52 ቀን። መጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 6 ቁጥር 15።

የኮዬ ፈጬ የብሎክ ኮሚቴ ሰብሳቢ ተማረዋል። ለጥበቃና ለውሃ ፓምፕ የሚዋጣውን ግማሹ ነዋሪ አይከፍልም። የማይከፍሉትን ሰዎች ስም ደረጃው ላይ ሊለጥፉ ነው። ነህምያ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ይላሉ።

ነህምያ ኢየሩሳሌም ገብቶ ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ በሌሊት ተነሣ። ጥቂት ሰዎች አስከትሎ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ አየ። ለሹማምንቱም ለካህናቱም ገና ምንም አልነገረም። ኑ እንሥራ ያለው ካየ በኋላ ነው። እርስዎስ የማይከፍሉትን በራቸውን አንኳኩተው አነጋግረዋል? አከራዩ ይከፍላል ብሎ የተቀመጠ ተከራይ ይኖራል። ውሃው እኔ ፎቅ አይደርስም፣ ለምን ልክፈል የሚል ይኖራል። ሥራ የፈታም ይኖራል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ደርድሮ መለጠፍ ልክ አይደለም።

ምዕራፍ 3ንም ያንብቡት። የስም ዝርዝር ስለሆነ ሰው ይዘለዋል። ወርቅ አንጥረኛው አለ፣ ሽቶ ቀማሚው አለ፣ ሰሎም ከነሴቶች ልጆቹ አለ። ብዙዎቹ የጠገኑት በቤታቸው ትይዩ ያለውን ነው። ከሥራው የሸሹም አሉ፤ ቴቁሔ የምትባል ከተማ ታላላቆች። እነሱ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ታልፈዋል፤ ስማቸውም አልተጻፈም። በስማቸው የተመዘገቡት የሠሩት ናቸው። እርስዎም የከፈሉትን ይለጥፉ። ከሥሩ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ይጻፉ። ይህ ሁለተኛው ሳይኖር ማንንም ክፈል ማለት ይከብዳል።

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ወሬ ሲሰማ አልቅሶ ጾመ፤ እኔ ግን ጨጓራ አለብኝ፣ ምን ላድርግ ያሉኝ አሉ።

ሐኪምዎንና የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ።

ከለገጣፎ የጻፉልኝ እናት የእድር ገንዘብ ያዥ ናቸው። የእድሩ ሰብሳቢ በየወሩ የትራንስፖርትና የስልክ አበል ይወስዳሉ። ደንቡ ይፈቅዳል። ዘንድሮ ግን አባላቱ መዋጮ መክፈል አቅቷቸዋል። እድሩ ለተቸገሩት የሚያበድረውም በወለድ ነው። ዝም ልበል? ኃጢአትስ ነው ወይ? ይላሉ።

ሌሎቹን መልሶች ያሳጠርኩት ለዚህኛው ቦታ ለመተው ነው።

ሰው ነህምያን የሚያስታውሰው በቅጥሩ ነው። እኔ የምወደው ነህምያ ግን ምዕራፍ 5 ላይ ያለው ነው። እዚያ ሕዝቡ ይጮኻል፤ የሚጮኸውም በገዛ ወገኖቹ ላይ ነው። ረሃብ ነበር። እህል ለማግኘት እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን አስይዘዋል። ለንጉሡ ግብር የተበደሩ ነበሩ። ልጆቻቸውን ለባርነት እስከ መስጠት የደረሱም ነበሩ። አበዳሪዎቹ የአገሩ ታላላቆችና ሹማምንት ናቸው።

ነህምያ እጅግ ተቆጣ። ግን ቁጣውን ይዞ አልሮጠም፤ መጀመሪያ በልቡ መከረ። ከዚያ ታላላቆቹን ፊት ለፊት ወቀሰ፤ ትልቅ ጉባኤም ጠራ። በጉባኤው ፊት እሱ ራሱ፣ ወንድሞቹና ብላቴኖቹ ገንዘብና እህል ማበደራቸውን ተናገረ። ወለዱን እንተው ሲል ራሱንም ጨምሮ ነው። የተያዘው እርሻና ቤት ዛሬውኑ ይመለስ አለ። እሺ አሉት። እሺታቸውን ብቻ ይዞ አልሄደም፤ ካህናት ጠርቶ አስማላቸው።

አሁን ወደ አበሉ እንምጣ። ነህምያ ከፋርሱ ንጉሥ ከአርጤክስስ 20ኛ የንግሥና ዓመት እስከ 32ኛው፣ 12 ዓመት የይሁዳ ገዢ ነበር። ለገዢ የተቆረጠ ቀለብ ነበረ። ከእሱ በፊት የነበሩት ከሕዝቡ እንጀራና ወይን፣ በላዩም 40 ሰቅል (የዘመኑ መመዘኛ ነው) ብር ይወስዱ ነበር። ሎሌዎቻቸው ሳይቀሩ ሕዝቡን ያስጨንቁ ነበር። እሱ ቀለቡን አልነካም። መሬትም አልገዛም። በገበታው 150 ሰው ይቀርብ ነበር፤ በየቀኑ አንድ በሬና ስድስት በግ ይዘጋጅ ነበር። ቀለቡን ለምን እንደተወ ሁለት ምክንያት ይሰጣል፤ እግዚአብሔርን ስለፈራና በሕዝቡ ላይ ያለው ሸክም ስለከበደ።

እህቴ፣ ያ ቀለብ ሕጋዊ ነበር። ቢወስደው የሚከሰው አልነበረም። እሱ ግን ከሚፈቀድለት ነገር በፊት የሚከፍለውን ሰው ጓዳ አየ። ከሰብሳቢያችሁም የምጠብቀው ይህንን ነው።

ፍርድ እንዳናጓድል ግን አንድ ነገር ልጨምር። ነህምያ የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ የነበረ፣ አቅም ያለው ሰው ነው። ሰብሳቢያችሁ ጡረተኛ ከሆኑና ለእድሩ ጉዳይ የሚመላለሱ ከሆነ፣ የታክሲ ሂሳባቸውን እድሩ ቢሸፍን ነውር የለውም። ስለዚህ ኃጢአት ሠሩ ብዬ አልፈርድባቸውም። የወለዱ ነገር ግን ያንገበግበኛል። እድር የቆመው ለተቸገረ ለመድረስ ነው። በተቸገረ አባል ላይ ማትረፍ ከየት መጣ?

ዝም አይበሉ። መጀመሪያ ሰብሳቢውን ለብቻቸው፣ በአክብሮት ያነጋግሯቸው። የወለዱ ጉዳይ በጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ይያዝ። ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ደግሞ የባንክ ደብተሩና መዝገቡ አይገጥምም ብለዋል። ይህን በጥቅስ አልመልስም። ገንዘብ ያዟ እርስዎ ነዎት፤ ነገ የሚጠየቁትም እርስዎ ነዎት። ልዩነቱን ለኮሚቴው በጽሑፍ ያሳውቁና ቅጂውን ይያዙ። የውጭ ኦዲተር እንዲጠራ ይጠይቁ። ጠበቃ ያማክሩ። አደራ፣ ይህን ነገር ለሚቀጥለው ወር አያቆዩት።

አንዲት የጀሞ እህት ባለቤቷ ምዕራፍ 13ን እንደሚጠቅስባት ጽፋለች። ነህምያ ሰዎችን መትቶ ፀጉራቸውን ነጭቷል፤ ስለዚህ ቤተሰብን በዱላ ማስተካከል የመሪ ግዴታ ነው ይላታል።

አይደለም። መጽሐፉ ነህምያ ባዕዳን ሴቶችን ባገቡ ሰዎች ላይ ተቆጥቶ ያደረገውን ይተርካል። ሂዱና እንዲሁ አድርጉ የሚል ቃል እዚያ የለም። ሚስትን ስለመምታትማ ጭራሽ አያወራም። አንቺን ወይም ልጆችሽን የሚመታ ከሆነ ጉዳዩ የመጽሐፍ ትርጉም አይደለም፤ ወንጀል ነው። ከተጎዳሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ታከሚ፤ የሕክምና ማስረጃም ያዢ። ፖሊስ ጣቢያና የወረዳሽ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አመልክቺ። ብቻሽን አትሂጂ፤ የምታምኛትን ሰው ይዘሽ ሂጂ። ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ጠብቂ የሚልሽን አትስሚ።

በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በሐሰት ስሙ ስለሚነሣ አንድ ወንድም ምን ልመልስ ብሏል።

የቅጥሩን ሥራ ሲቃወም የነበረው ሰንባላጥም በነህምያ ላይ የሐሰት ክስ በክፍት ደብዳቤ ልኮ ነበር፤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው። የነህምያ መልስ አጭር ነው፤ ያልከው ነገር አልተደረገም፣ ከልብህ ፈጥረኸው ነው አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። አንተም አንድ ጊዜ፣ በአጭሩ መልስ። ሌሊቱን ሙሉ ስክሪን ላይ አትደር።

የመጨረሻው ከየካ አባዶ ነው። ነህምያ ምዕራፍ 7 ላይ ወንድሙን አናኒን ሾሟል፤ ይህ በዘመድ መሥራት አይደለም ወይ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ልሸሸው አልፈልግም። አናኒ የከተማውን መፍረስ መጀመሪያ ያረዳው ሰው ነው። ብቻውንም አልተሾመም። አብሮት የተሾመው ሐናንያ ታማኝና ከብዙዎች ይልቅ እግዚአብሔርን የሚፈራ እንደነበር ተጽፏል። ነህምያ በሮቹ መቼ እንደሚከፈቱም ሥርዓት ሰጣቸው፤ ጠባቂዎቹም ከነዋሪዎቹ እንዲመረጡ አዘዘ። ይህን ሁሉ ብዬም ለኮሚቴያችሁ የምመክረው ሌላ ነው። ሰብሳቢው ወንድሙን ገንዘብ ያዥ አያድርግ። ወንድምየው ቅን ሰው ቢሆን እንኳ ሒሳብ ሲጎድል ነዋሪው አያምነውም፤ ሰብሳቢውም ደፍሮ አይጠይቀውም።