የሒሳብ ሰው በውሃ ጉዳይ ምን አገባው?

ጥያቄ፦ በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ ወረታ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ቤተሰቦቼ ፎገራ ላይ ሩዝ ያመርታሉ፤ የርብ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ እያየሁ ነው ያደግሁት። ማስተርሴን በአፕላይድ ማቴማቲክስ (በተግባራዊ ሒሳብ) ይዤ ውሃ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ባልደረቦቼ ግን «ውሃ የኢንጂነሮች ነው፤ አንቺ ተመልሰሽ ጠመኔ ነው የምትይዢው» ይሉኛል። ወደ ሀይድሮሎጂ (የውሃ ሳይንስ) ልዙር ወይስ በሒሳቤ ልቀጥል? ለመመረቂያ ጽሑፍ የጣናን የውሃ አረም፣ እምቦጭን አስቤ ነበር።
አስተማሪዋ፣ ከወረታ

መልስ፦ እህቴ፣ በሒሳብሽ ቀጥዪ። ባሕር ዳር ተቀምጬ ይህንኑ ትምህርት ስለማስተምር ለሙያዬ ማድላቴ አይደለም። ጣና ዙሪያ መልስ ያጡ ብዙ ጥያቄዎች ሥራቸው ሒሳብ ሆኖ ስላገኘኋቸው ነው።

ባልደረቦችሽን እስቲ ይህን ጠይቂልኝ፦ ርብ ሲሞላ በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ ያወርዳል? ቁጥሩስ ከየት ይመጣል? በመለኪያ ጣቢያ ወንዙ ዳር ሴንቲሜትር የተጻፈበት ዘንግ ይተከላል። ተመልካቹ በሰዓቱ እየሄደ ውሃው የነካውን ቁጥር መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ዘንጉ ግን የሚነግረን ከፍታውን ብቻ ነው። ፍሰቱን የምናገኘው ባለሙያዎች በተለያየ ጊዜ የውሃውን ፍጥነት፣ ስፋትና ጥልቀት ለክተው ካሰመሩት የከፍታና የፍሰት መስመር ነው። ቀመሩ ለአንቺ አይከብድም፤ ከተነበበው ከፍታ ላይ ፍሰት ዜሮ የሚሆንበትን ከፍታ ትቀንሺያለሽ፣ ልዩነቱን ወደ አንድ ኃይል ታነሺዋለሽ፣ ከዚያ በቋሚ ቁጥር ታባዢዋለሽ። ከልኬቱ የሚገመቱት ሦስት ቁጥሮች ናቸው።

ጭንቁ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ወንዙ ደፍርሶ ሲጋልብ ገብቶ መለካት አደጋ ስለሆነ፣ የመስመሩ የላይኛው ጫፍ በጥቂት ልኬት ወይም በግምት የተዘረጋ ነው፤ እኛ ደግሞ አጥብቀን የምንፈልገው ይህንኑ ጫፍ ነው። ደለል የወንዙን ወለል ከፍ ሲያደርገው ያ «ዜሮ» ያልነው ከፍታ ከቦታው ይሄዳል፤ የአምናው መስመር ዘንድሮ ይዋሻል። ውሃው ዘንጉ ጋ ሳይደርስ ወደ ላይኛው የወንዙ ክፍል ዳርቻውን ጥሶ በሜዳው ላይ ከሄደ ዘንጉ አያየውም። ርብ የሚገባበት የጣና ሐይቅ ሲሞላ ደግሞ ወንዙን ከታች ስለሚገታው፣ አንድ ዓይነት ከፍታ ሁለት የተለያየ ፍሰት ሊሆን ይችላል። ፈረንሳዊው ሴንት ቬናንት በ1871 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ሁለት ፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽኖች (ውሃው በቦታና በጊዜ እንዴት እንደሚለወጥ የሚገልጹ እኩልዮሾች) ይህን የሐይቅ ግፊት መያዝ ይችላሉ፤ ወለሉ እየተቀየረ ከጥቂት ልኬት ተነስቶ ቋሚ ቁጥሮቹን መልሶ ማግኘት ግን የሒሳብ ሰው የሚያስፈልገው ሥራ ነው። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን የምይዘው ርዕስ ይህ ነበር።

እዚህ የተሳተ ነገር ሐይቁ ድረስ ይሄዳል። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ የ1 ሴንቲሜትር ስህተት 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ማለት ነው። የዓባይን መውጫ ጨረጨራ ላይ ያለው ግድብ ይቆጣጠረዋል፤ ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በዋሻ ውሃ ይወስዳል። እነዚህ ሁለቱ ሰው የሚመዘግባቸው ናቸው። ትነቱን ግን ከፀሐይ፣ ከነፋስ፣ ከሙቀትና ከእርጥበት አስልተን ነው የምናገኘው፤ የገቢ ወንዞቹ ቁጥር ከተዛባ የሐይቁ የገቢና የወጪ ውሃ ሒሳብ አይገጥምም፤ ጉድለቱን በትነት ማሳበብ ይቀላል። ሒሳቡ ወረቀት ላይ ይዘጋል፤ ሐይቁ ላይ ግን አይዘጋም።

ስለ እምቦጭ፦ ተዪው አልልሽም። አረሙ በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ዓሣ አስጋሪውንም ገበሬውንም አስመርሯል፤ ሊጠና ይገባዋል። የማልወደው የቤልጂጋዊውን የሒሳብ ሊቅ የቬርሁልስትን የ1838 እ.ኤ.አ. የዕድገት ቀመር ወስዶ «ይህን ያህል ያድጋል» ብሎ መጨረስን ነው። ያ ቀመር ቦታ የሚባል ነገር አያውቅም። አረሙ በተለይ የጎንደርን ዳርቻ፣ የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ለምን እንዳጠቃ ለማስረዳት ነፋሱና ሞገዱ የት እንደሚገፉት፣ ወንዞቹ ከማሳ የሚያመጡት ማዳበሪያ የት እንደሚያርፍ እኩልዮሹ ውስጥ መግባት አለበት። ይህን ለመሥራት ከተነሳሽ በርቺ።

ስለ ጠመኔው ብዙ አልልም፤ ማስተማር የሚያሳፍር ሥራ አይደለም፤ ይህን የምትሠሪ ሰው ደግሞ የውሃ መሥሪያ ቤቶችም ያስፈልጓቸዋል።

ለማመልከቻሽ፣ ከድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው ጎን ለጎን ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ተለማመጂ፤ ከኮርሶቹ ኑሜሪካል አናሊሲስን (እኩልዮሾችን በኮምፒውተር በቁጥር የመፍታት ዘዴ)ና ስታቲስቲክስን አትዝለዪ። ከሒሳብ አማካሪሽ ሌላ ከውሃ ሀብት ምህንድስና ሁለተኛ አማካሪ ጠይቂ። ውጭ ማየት ከፈለግሽ በ2003 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ የተመሠረተውና በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ማዕከላት ያሉት የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም በነፃ ትምህርት ዕድል ማስተርስ ያስተምራል። ብቻ፣ መረጃው እጅሽ ሳይገባ ርዕስ አታስመዝግቢ።

አንድ መረጃ ደግሞ ከማንም በላይ አንቺ ታገኚዋለሽ። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ የቱ ቤት ግድግዳ ላይ፣ የቱ ዛፍ ግንድ ላይ እንደደረሰ ቤተሰቦችሽና ጎረቤቶችሽ ያሳዩሽ። ቦታውን በስልክሽ ጂፒኤስ መዝግቢ። ከፍታውን ግን ስልክሽ ላይ አትመኚው፤ የቅየሳ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ፈልገሽ አስለኪ።