መልስ፦ 2.15 ኪሎኳድ ስንት ጊጋባይት ነው?

ኪሎኳድ (1,000 ኳድ) ስታር ትሬክ በተባለው የጠፈር መርከብ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ያለ የኮምፒውተር ሜሞሪ መለኪያ ነው፤ ወደ ጊጋባይት አይቀየርም። የፊልሙ ሠሪዎች አንድ ኳድ ስንት ባይት እንደሆነ ሆን ብለው አልወሰኑትም፤ የእውነቱ ኮምፒውተር ቶሎ ቶሎ ስለሚያድግ ዛሬ የሚያስደንቀው ቁጥር ነገ ያስቃል። ብልጦች ናቸው። ስለዚህ አይሶሊኒየር ቺፕ የሚባለው የመርከቧ ኮምፒውተር የመረጃ ማስቀመጫ የሚይዘውን 2.15 ኪሎኳድ ይዘህ የመርከቧን ሜሞሪ ለማስላት አትድከም።

የግድ የሚሰላ ቁጥር ከፈለግክ የፊልሙን ገጸ ባህሪ፣ ሰው መሳዩን ሮቦት ዳታን ተጠቀም። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣ ክፍል ላይ ራሱ 800 ኳድሪሊዮን ቢት እንደሚይዝ ይናገራል፣ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ለ8 ስታካፍለው 100 ፔታባይት (100 ሚሊዮን ጊጋባይት) ይመጣል።

ግን ተጠንቀቅ፣ እንዲህ ያለ ክርክር ላይ ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ቢቱን እንደ ባይት መቁጠር ነው፤ ውጤቱ ስምንት እጥፍ ይነፋል። ደግሞ ከዳታ ቁጥር ተነስተህ ኳድን ለመፍታት አትሞክር፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር የለም።