ሲቲ 30 ማለት ብዙ ማለት አይደለም፦ የሪል ታይም ፒሲአር ጥያቄዎቻችሁ

አራት ኪሎ አካባቢ ላብ ውስጥ ነው የምሠራው። «ስለ ሪል ታይም ፒሲአር ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። ሪል ታይም ፒሲአር ዲኤንኤን በየዙሩ እያባዛ ብዛቱን በብርሃን የሚከታተል ምርመራ ነው። ያው፣ የደረስኩበትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ፕሮቡ ላይ ቀለም ካለ ለምን ገና ከጅምሩ አያበራም?

ፕሮቡ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ነው። አንዱ ጫፉ ላይ አብሪ ቀለም አለ፣ ብዙ ጊዜ ፋም። ሌላው ጫፍ ላይ ኩዌንቸር አለ፣ ብርሃኑን የሚያፍነው። ሁለቱ ተቀራርበው እስካሉ ጨለማ ነው። ታክ ፖሊመሬዝ (ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም) አዲሱን ሰንሰለት እየሠራ ሲመጣ መንገዱ ላይ የተጣበቀውን ፕሮብ ይቆራርጠዋል። ያኔ ቀለሙ ከአፋኙ ይላቀቅና ያበራል። ቅጂ በተሠራ ቁጥር ብርሃኑም ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአንዱ ናሙና ሲቲ 20፣ የሌላው 30 ነው። ሁለተኛው ይበልጣል ማለት ነው?

ኧረ በፍጹም፣ ተቃራኒው ነው! ሲቲ ብርሃኑ ወሰኑን ያለፈበት ዙር ነው። ብዙ ያለው ቶሎ ያልፋል። በየዙሩ እጥፍ ከሆነ የ10 ዙር ልዩነት 1,024 እጥፍ ነው። በኮቪድ ጊዜ ሰው ሲቲውን ከጎረቤቱ ጋር ሲያወዳድር ይገርመኝ ነበር። ማሽኑ፣ ኪቱ፣ የናሙናው አወሳሰድ ሁሉ ቁጥሩን ይቀይሩታል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የኤችአይቪ ውጤት ላይ «በሚሊ ሊትር ይህን ያህል ቅጂ» የሚለው ከየት መጣ?

ከስታንዳርድ። መጠኑ የታወቀ ናሙና 10 እጥፍ እየቀጠነ ይሮጣል፣ ከሲቲዎቹ መስመር ይወጣል። እጥፉ ፍጹም ከሆነ የመስመሩ ስሎፕ (ተዳፋት) −3.32 ነው። እኔ ከ−3.1 እስከ −3.6 ከሆነ እቀበላለሁ። ከዚያ ከወጣ ውጤት አልጽፍም። ኤችአይቪ አርኤንኤ ስለሆነ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል።

ጥያቄ፦ ናኖድሮፕ 40፣ ኪውቢት 12 ናኖግራም አሉኝ። የቱን ልመን?

ሁለቱም የዲኤንኤ መጠን መለኪያ ናቸው፣ አንቺ ግን ኪውቢትን እመኚ። ናኖድሮፕ በ260 ናኖሜትር ብርሃን የሚመጥ ሁሉ ዲኤንኤ ይመስለዋል፣ አርኤንኤም ቢሆን።

ጥያቄ፦ ደሙ በአረንጓዴ ክዳን ቱቦ መጣልኝ።

አረንጓዴው ሄፓሪን አለው፣ ፒሲአሩን ያፍነዋል። በሐምራዊው፣ በኢዲቲኤ አስቀጂ።

ጥያቄ፦ ውሃ ብቻ ያደረግሁበት ዌል (የናሙና ጉድጓድ) ሲቲ 36 ላይ ወጣ። ልለፈው?

አትለፈው፣ ብክለት ነው። ውሃውንም ሚክሱንም (የፒሲአር ቅልቅሉን) ቀይር። ሚክስ የምታዘጋጅበት ቦታ ዲኤንኤ ከምትጨምርበት ይለይ።

ጥያቄ፦ ዙር 22 ላይ መብራት ጠፋ!

ዩፒኤስ ከሌለሽ ከአዲስ ጀምሪ። የቆመውን ፕሌት (ዌሎቹን የያዘውን ሳህን) ግን እዚያው ክፍል እንዳትከፍቺው፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ነው የሚበተነው።