ውሃ በተኛበት መረሬ ላይ ጤፍ ሲጸና ስንዴ ለምን ይገረጣል?

ጥያቄ፦ የዕጽዋት ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ በሰሜን ሸዋ፣ በኢነዋሪ አካባቢ መረሬ አፈር ያርሳሉ። ክረምቱ ሲበረታ ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ ስንዴው ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ቢጫ ሲሆን፣ ከጎኑ ያለው ጤፍ ግን ይጸናል። አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ተክሎች ኦክስጅን ሲያጡ ኃይል እንዲያገኙ እንደሚረዳ ተምረናል። ስንዴ የሚጎዳው የዚህ ኢንዛይም ዘረ-መል ስለሌለው ነው? ከጤፍ ቢዛወርለትስ ችግሩ ይፈታል? ለመመረቂያ ጥናቴስ ናሙና ከየትኛው የተክሉ ክፍል ልውሰድ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዘረ-መሉ ለስንዴም አለው። እንዲያውም የዳቦ ስንዴ የሦስት ጥንታዊ ሣሮችን የዘር ውርስ አጣምሮ የያዘ በመሆኑ፣ አብዛኞቹ ዘረ-መሎቹ በሦስት ቅጂ ይገኛሉ። ስለዚህ የልዩነቱን ምንጭ ዘረ-መሉ በመኖሩና ባለመኖሩ ሳይሆን፣ መቼና በየትኛው የተክሉ ክፍል ሥራ እንደሚጀምር፣ እንዲሁም ኢንዛይሙ የሚሠራበት ስኳር ከየት እንደሚመጣ በመመርመር መፈለግ ይገባል።

ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው በ10,000 እጥፍ ገደማ በዘገየ ፍጥነት ነው። በአፈሩ የቀረችውንም ሥሩና ረቂቅ ተሕዋስያኑ ቶሎ ይጨርሷታል። ኦክስጅን ባለበት ከአንድ የግሉኮስ (ስኳር) ሞለኪውል 30 ያህል ኤቲፒ፣ ማለትም ሕዋስ ኃይሉን የሚይዝበት ሞለኪውል፣ የሚያገኘው የሥር ሕዋስ፣ ኦክስጅን ሲያጣ በ2 ብቻ ለመኖር ይገደዳል። እነዚህ ሁለቱ እንዳይቋረጡ ደግሞ ኤንኤዲ የተባለው ረዳት ሞለኪውል በየጊዜው መታደስ አለበት። ለዚህም ፓይሩቬት ዲካርቦክሲሌዝ የተባለው ኢንዛይም ግሉኮስ ሲሰበር የሚገኘውን ፓይሩቬት ወደ አሴታልዲሃይድ ይለውጣል፣ አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ ደግሞ አሴታልዲሃይዱን ወደ ኤታኖል ቀይሮ ኤንኤዲን መልሶ ያስገኛል። በጠላ ጋን ውስጥ እርሾው የሚያካሂደውም ይህንኑ ሂደት ነው።

የኢንዛይሙ አስፈላጊነት በግልጽ የታየው በበቆሎ ላይ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ድሩ ሽዋርትዝ በ1969 እ.ኤ.አ. ዋናው የአልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ ዘረ-መል የማይሠራለት በቆሎ በውሃ ሲጥለቀለቅ እንደሚሞት፣ ጤነኛው ግን እንደሚተርፍ አሳየ። በ1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማርቲን ሳክስ፣ ማይክል ፍሪሊንግና ሮን ኦኪሞቶ ኦክስጅን የተነፈገ የበቆሎ ችግኝ የተለመደውን የፕሮቲን ምርት አቋርጦ ወደ 20 የሚሆኑ የተመረጡ ፕሮቲኖችን ብቻ እንደሚሠራ አረጋገጡ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ስኳርን የሚሰብሩና ኤታኖል የሚሠሩ ኢንዛይሞች መሆናቸው ከጊዜ በኋላ ታውቋል። በችግር ጊዜ የቀረውን ጥቂት ኃይል ለዚሁ ሥራ ብቻ ማዋሉ ተክሉ ምን ያህል በጥንቃቄ እንደሚቆጥብ ያሳያል፤ በእኔ እምነት በዚህ ዘርፍ ከተገኙት ሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ኢንዛይሙ ከሚያስፈልገው መጠን በላይ ቢበዛ የተክሉ ጽናት በዚያው ልክ አይጨምርም፤ ስኳሩ ካለቀ ኢንዛይሙ ሥራ ይፈታልና። ብቅል የሚያበቅል ሰው ገብሱን ከዘፈዘፈ በኋላ ውሃውን አጥልሎ የሚያጎነቁለው ያለ ምክንያት አይደለም። የገብስና የስንዴ ዘር ኦክስጅን ሲያጣ፣ ስታርችን ወደ ስኳር የሚሰብረውን አልፋ አሚሌዝ በበቂ መጠን መሥራት ስለማይችል፣ ስታርች ሞልቶት ሳለ ይራባል። ሩዝ ግን በውሃ ውስጥም ይበቅላል፤ ሲአይፒኬ15 የተባለው ፕሮቲን የስኳርንና የኦክስጅንን እጥረት አጣምሮ በማሳወቅ የአሚሌዝ ዘረ-መሉን ያስነሣል።

ሁሉንም የሚያዝዙ ዘረ-መሎችም አሉ። ኦክስጅን ሲኖር የሚፈርሱ፣ ሲጠፋ ግን ሳይፈርሱ ቆይተው የኤታኖል መንገዱን ዘረ-መሎች የሚያስነሡ ፕሮቲኖች በተክሎች ውስጥ መኖራቸው በ2011 እ.ኤ.አ. ተገልጿል። በሕንድ ኤፍአር13ኤ ከተባለው የሩዝ ዝርያ የተገኘውና በ2006 እ.ኤ.አ. ማንነቱ የታወቀው ሰብ1ኤ ደግሞ፣ ሙሉ በሙሉ የተዋጠው ሩዝ እድገቱን ገትቶ ስኳሩን እንዲቆጥብና ሁለት ሳምንት ያህል እንዲቆይ ያደርገዋል። ይህ ዘረ-መል በገበሬ ማሳ ላይ ለታወቁ ዝርያዎች የተላለፈው በተለመደው የማዳቀል ዘዴ፣ በዘረ-መል ምልክት እየተመረጠ ነው።

ጤፍን በተመለከተ፣ ኤታኖል የሚሠራው ኢንዛይም ብቻውን ጽናቱን አይገልጸውም። ውሃ ሲተኛበት ከግንዱ ሥር አዳዲስ ሥሮችን ያወጣል፤ በሥሮቹ ውስጥም አየር ከላይ ወደ ታች የሚያስተላልፉ ክፍት ቦታዎች ይፈጠራሉ። ስለዚህ አንድ የኢንዛይም ዘረ-መል ከጤፍ ወደ ስንዴ ማዛወር የቤተሰብዎን ማሳ አያድነውም ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ይልቅ ስንዴን ከስንዴ አወዳድሮ የተሻለውን መምረጥና ማዳቀል፣ እስከዚያው ግን ውሃውን ማጠንፈፍ ይበልጥ ያዋጣል። የኢነዋሪ ገበሬዎች አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ሰፋፊ መደብና ቦይ ማውጣታቸው ትክክለኛ መፍትሔ ነው፤ በበሬ የሚጎተተው ቢቢኤም የተባለው የመደብና የቦይ ማውጫ መሣሪያም የተሠራው ለዚሁ ነው። ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ የሚሆነው ኦክስጅን ያጣው ሥር ናይትሮጅን መሳብ ስለሚያቅተው፣ ተክሉም ያለውን ከአሮጌው ቅጠል ወደ አዲሱ ስለሚያዛውር ነው።

ናሙናውን ከሥር ጫፍ ይውሰዱ፤ ቢጫው ቅጠል የሚያሳየው የዘገየውን ውጤት ነው። እነዚህ ዘረ-መሎች የሚነሡት ኦክስጅን በጠፋ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ናሙና ውሃው በተኛበት ዕለት፣ ቀጣዮቹ ደግሞ በሚከተሉት ቀናት ቢወሰዱ ይመረጣል። ውሃ ካልተኛባቸው እኩያ ተክሎችም በዚያው ሰዓት ይውሰዱ። ሥሩ ከጭቃው ወጥቶ አየር እንዳገኘ የዘረ-መሎቹ እንቅስቃሴ መለወጥ ስለሚጀምር፣ በፍጥነት አጥበው ወዲያውኑ በፈሳሽ ናይትሮጅን ያቀዝቅዙት።