ትንሿ ጀልባ ወይስ ትልቁ? ለጠየቃችሁኝ ልጆች

ልጆቼ፣ ባለፈው እሁድ አናፖሊስ ላይ «የቱን እንግዛ?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ሁለት ያገለገሉ ባለሸራ ጀልባዎች አይታችኋል፤ ሁለቱም ካታሊና የሚባል ሥሪት ናቸው፤ አንዷ ካታሊና 27፣ ሌላው ካታሊና 36፣ ቁጥሩ ርዝመታቸው በጫማ ነው። ገንዘባችሁ ለሁለቱም ይበቃል፣ ልባችሁ ግን ወደ ትልቁ ሸፍቷል። እዚያው ቆሜ «አስቡበት» ብቻ ብያችሁ ማለፌ ቅር አሰኝቶኛል። ተመሳሳይ ነገር የሚጠይቁኝ ሌሎች ወጣቶችም አሉና ለእነሱም ይሁን።

እኔ የሞተር ሰው ነኝ። ሙያውን የጀመርኩት ምጽዋ፣ ባህር ኃይል ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት እዚሁ አሜሪካ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የሰው ጀልባ ስጠግን ነው።

በቅድሚያ ቁጥሩን ልብ በሉ። ከ27 ወደ 36 ጫማ ሲኬድ ርዝመቱ የሚጨምረው በሲሶ ነው። ክብደቱስ? ትንሿ 3 ቶን ገደማ ናት፣ ትልቁ 6 ቶን ያልፋል። እጥፍ ማለት ነው! ጀልባ ሲያድግ በጎኑም በሆዱም ጭምር ነው የሚያድገው፣ ወጪውም ክብደቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ መልህቁ ይከብዳል፣ ሰንሰለቱ ይወፍራል፣ ሸራው ይሰፋል። ማሪናው (ጀልባ የሚታሰርበት ወደብ) ደግሞ የሚያስከፍላችሁ በጫማ ነው። ከውሃ አውጥቶ ማጠብና ሆዱን ቀለም መቀባትም እንደዚሁ። የመግዣው ዋጋ አንዴ ይከፈልና ያልቃል፣ ይሄ ግን በየዓመቱ ይመጣል። ፍጥነቱን ካላችሁኝ፣ በጥሩ ነፋስ ልዩነታቸው 1 ኖት ገደማ ነው፣ በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ግን ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ከደንበኞቼ መሃል አንድ ባልና ሚስት ነበሩ፣ ልክ እንደናንተ ጀማሪዎች። በአንዴ 38 ጫማ ገዙ። የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ነፋሱ ከጎን እየገፋቸው ወደ ማሰሪያቸው ሲገቡ፣ እኔ እዚያው አጠገብ የሰው ሞተር ፈትቼ ተቀምጬ ነበር። ጩኸት ሰምቼ ቀና አልኩ። ሚስትየው ከፊት ገመዱን በሁለት እጇ ይዛለች፣ እሱ ከኋላ ሆኖ «ያዢው! ያዢው!» ይላል። ያን ሁሉ ቶን በእጅ ማን ይይዘዋል? ገመዱ መዳፏን ልጦት አለፈ፣ ደሟ ነጩ ወለል ላይ ተንጠባጠበ። ገመድ ጀልባው ላይ ባለው የማሰሪያ ብረት ይጠመጠማል እንጂ በመዳፍ አይያዝም፣ ግን ይህን ማን ነግሯት? ከዚያ ቀን ወዲያ አልመጣችም። እሱም ብቻውን ማውጣት ስለከበደው ጀልባው ሁለት ሰመር ሙሉ እንደታሰረ ከረመና ተሸጠ። አሁንም ሳስታውሰው አንጀቴን ይበላኛል። ትንሽ ጀልባ እንዲህ ያለውን ስህተት ትምራለች፣ እስክትለምዱም ጊዜ ትሰጣለች።

ውሃውንም አትርሱ። ቼሳፒክ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 21 ጫማ ገደማ ነው። ለማደር የሚያምረው ደግሞ ዳር ዳሩ ነው፣ ዛፉ ውሃው ላይ የተደፋበት፣ ውሃው የሳሳበት። ያያችሁት ትልቁ ጀልባ ጥልቁ ኪል (ከሆዱ ሥር ወደ ታች የሚወርደው ከባዱ ክንፍ) ያለው ስለሆነ ወደ 6 ጫማ የሚጠጋ ውሃ ይፈልጋል። ትንሿ በ4 ጫማ ትሄዳለች። እሷ ዘና ብላ የምትገባበት ጥግ፣ እሱን ጭቃ ይይዘዋል።

ትልቁ አይረባም ማለቴ አይደለም። ቤት አድርጋችሁ ልትኖሩበት ከሆነ፣ ልጆች ካሏችሁ፣ ወይም ሥራ ለቃችሁ ወደ ባሃማስ የምትወርዱበት ቀን ተቆርጦ ከሆነ፣ ያለማመንታት 36ቱን ግዙ። ማዕበል ላይ እርጋታው ሌላ ነው። እናንተ ግን የነገራችሁኝ ዓርብ ከሥራ መልስና ቅዳሜን ነው። ባሃማስን «አንድ ቀን» አላችሁ እንጂ «ዘንድሮ» አላላችሁም። ስለዚህ የኔ መልስ ትንሿ ናት። ዓይን ላትሞላ ትችላለች፣ ግን ዓርብ ማታ ደክሟችሁ መጥታችሁ እንኳን ሸራዋን ዘርግታችሁ ትወጣላችሁ።

ጉድለቷን አልደብቃችሁም። ሞተሯ ከኋላ የተንጠለጠለ አውትቦርድ ነው፤ ማዕበል ኋላዋን ሲያነሳው ፕሮፔለሩ ከውሃ ይወጣና አየር ይመታል። ሲበላሽ ግን ፈትታችሁ በመኪና ታመጡልኛላችሁ።

ልባችሁ እምቢ ብሎ ትልቁን ከመረጣችሁ፣ ሻጩ ዲዝሉን ከማስነሳቱ በፊት እጃችሁን ሞተሩ ላይ አሳርፉ። ከሞቀ፣ ቀድሞ አሙቆታልና ለምን ብላችሁ ጠይቁት፤ ችግር ያለበት ሞተር የሚታወቀው በብርድ ሲነሳ ነው። ከተነሳ በኋላ ወደ ኋላ ሂዱና ጭስ ማውጫው ውሃ እየተፋ መሆኑን እዩ። ካልተፋ ቶሎ አስጠፉት።

የቱንም ብትገዙ የላይኛውን ወለል፣ የምትራመዱበትን፣ በመዶሻ እጀታ ቀስ እያላችሁ አንኳኩት። ደህናው «ቋ፣ ቋ» ይላል። ድምፁ «ዱብ» ካለ ውስጡ ያለው እንጨት ውሃ ጠጥቶ በስብሷል፣ እሱን ማስጠገን ደግሞ ኪስ ያራቁታል። ከውሃ ሲወጣ ኪሉ ከሆዱ ጋር የሚገጥምበትን መስመር እዩት። ቀጭን ስንጥቅ ብዙ ካታሊናዎች ላይ አለ፣ ቦልቱን አጥብቆ ቢደፈን ይበቃዋል። ዝገት የቀላቀለ ውሃ የሚያነባ ከሆነ ግን የጀልባ መርማሪ ባለሙያ ሳያየው አንድ ብር እንዳትከፍሉ።

ቀኑን ስትቆርጡ ደውሉልኝ፣ መዶሻዬን ይዤ እመጣለሁ። ሻጩን ግን ሞተሩን እንዳያሞቀው አደራ በሉት።