ካሜራው መቼ ይነሣ?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ የሠርግና የክርስትና ፎቶ በማንሣት እተዳደራለሁ፤ በጥምቀትም ከፋሲል መዋኛ የቀረሁበትን ዓመት አላስታውስም። ማሌዥያ የሚማር ወንድሜ ጋብዞኝ ለአንድ ወር ወደ ኬላንታን ግዛት ልሄድ ነው። የማሌይ ሕዝብን ሠርግ፣ መስጊድ፣ የጥላ ትርኢትና በመድረክ የሚቀርብ ሙዚቃ ለማንሣት ጓጉቻለሁ፤ ሆኖም ቋንቋቸውንም ነውራቸውንም አላውቅም። ሰው ሳላስቀይም እንዴት ልሥራ? ብርሃን በሌለበትስ ካሜራዬን እንዴት ላዘጋጅ?
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር ፒያሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁለቱ ጥያቄዎችዎ ከባዱ የመጀመሪያው ነው፤ የካሜራው ነገር በጥቂት ምሽቶች ልምምድ ይደረስበታል። ከዓመታት በፊት እዚሁ ከተማችን አንድ አዝማሪ የሞተ ወንድሙን እያነሣ ሲያንጎራጉር ፍላሽ አበራሁበት። ደጋኑ ከማሲንቆው ጭራ ላይ ተነሣ፤ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ሰውየው ዓይኑን በመዳፉ ጠርጎ ሌላ ዘፈን ጀመረ፤ ያችን ስንኝ ግን አልመለሳትም። ከዚያ ምሽት ወዲህ የሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ ሰላምታ አቀርባለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ የቀረበልኝን እቀምሳለሁ፤ ካሜራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኬላንታንም ስሄድ የጠቀመኝ ይኸው ነው።

ማሌዮች በዕድሜ የሚበልጣቸውን እንግዳ ሰው በስሙ አይጠሩም፤ ወንዱን «ፓክቺክ»፣ ሴቷን «ማክቺክ» ይላሉ። ትርጉሙ አጎቴ፣ አክስቴ ሲሆን አጠራሩ እኛ ጋሼ፣ እትዬ እንደምንለው ነው። «ማክቺክ፣ ቦሌ አምቢል ጋምባር?» ብለው ቢጠይቁ «እትዬ፣ ፎቶ ማንሣት ይቻላል?» ማለትዎ ነው፤ ሲያመሰግኑ «ተሪማ ካሲህ» ይበሉ። በሌባ ጣት መጠቆም እንደ ነውር ይታያል፤ የሚጠቁሙት ጣቶችዎን አጥፈው በቀኝ አውራ ጣት ነው። ጫማ ደጃፍ ላይ ይወልቃል፤ የሰው ራስ፣ የሕፃንም ቢሆን፣ አይነካም። እኛ የሠርግ ፎቶ አንሺዎች የሙሽራዋን አገጭ በጣታችን ቀና የማድረግ ልማድ አለን፤ እሱን ጎንደር ትተውት ይሂዱ። ሴቶችም እጃቸውን ካልዘረጉ ቀኝ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ይበቃል።

የማሌዥያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 160 ማሌይን ሲተረጉም እስልምናን የሚከተል፣ ማሌይኛ የሚናገርና የማሌይን ወግ የሚጠብቅ ይላል፤ ሃይማኖትና ባህል በአንድ ላይ የተገመዱበት ሕዝብ መሆኑን ከዚህ ይረዳሉ። አዛን ሲሰማ ሙዚቃ ይቆማል፤ ካሜራም አብሮ ይውረድ። መስጊድ ውስጥ ከሰጋጅ ፊት ማቋረጥ እንደማይገባ ከጎንደር ሙስሊም ጎረቤቶችዎ ሳይሰሙ አልቀሩም።

በሠርጋቸው የኒካሁ ቃል የሚፈጸመው ሙሽራው የልጅቱን አባት ወይም ቃዲውን በቀኝ እጁ ጨብጦ ነው። ሁሉም ሰው ፊታቸውን ሲያነሣ እርስዎ እጆቻቸውን ያንሡ፤ የሙሽራው አውራ ጣት ሲጠብቅና ሲላላ ይታያል። ከዚያ በኋላ ሙሽሮቹ «የአንድ ቀን ንጉሥ» ተብለው ባጌጠ መድረክ ላይ ይቀመጣሉ፣ ኮምፓንግ የሚባለው የእጅ ከበሮ ይመታል፤ እሱን ማንሣት ለእርስዎ የየሳምንቱ ሥራ ነው።

ልብዎ ያለው ግን ሙዚቃው ላይ ስለሚመስለኝ እዚያ ላይ እቆያለሁ። ዲኪር ባራት የሚባለው የኬላንታን ዜማ ለጎንደር ሰው ባዕድ አይሆንበትም። ቱካንግ ካሩት የተባለው አውጪ ግጥሙን እዚያው እየፈጠረ ይጥላል፤ በረድፍ መሬት ላይ የተቀመጡት ተቀባዮች እያጨበጨቡና እየተወዛወዙ ይመልሱለታል። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ሲባል የሚሞቀውን ነገር ያስታውሱ። አብዛኛው ጀማሪ ማይክ የያዘውን ሰው ብቻ አንሥቶ ይመለሳል፤ እኔ ግን ፎቶው ተቀባዮቹ ጋ ነው እላለሁ፤ አንድ የነከሰች ስንኝ ስትወድቅ የስንት ሰው ፊት በአንድ ጊዜ እንደሚፈካ የሚታየው እዚያ ነውና። እንደ እነሱ መሬት ላይ ቁጭ ይበሉ፤ የሚያጨበጭብ እጅ ቀጥ ብሎ እንዲታይ ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/250 ሰከንድ ያድርጉ፤ እንቅስቃሴው እንዲሰማ ከፈለጉ ወደ 1/30 ያውርዱት።

ማክ ዮንግ የሚባለው የቆየ የዘፈን፣ የጭፈራና የተውኔት ጥበብ በዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 የሰው ልጅ ድንቅ ቅርስ ተብሏል። ትርኢቱ የሚከፈተው ተጫዋቾቹ ሁሉ ወደ ረባቡ ፊታቸውን አዙረው ተቀምጠው ነው። ረባብ በደጋን የሚመታ ባለ ሦስት ክር መሣሪያ ነው፤ የማሲንቆ ዘመድ ቢባል ያስኬዳል፤ ተጫዋቹ መሬት ላይ ተቀምጦ መሣሪያውን በራሱ በመሣሪያው እግር አቁሞ ከፊቱ ይይዘዋል። አስቀድመው ፈቃድ ከጠየቁና ከረባቡ ተጫዋች ጀርባ በኩል ዝቅ ብለው ከተቀመጡ፣ የእሱን ትከሻና የሁሉንም ዓይን በአንድ ምስል ያገኛሉ።

በጥላ ትርኢቱ፣ በዋያንግ ኩሊት፣ ፍላሽ ፈጽሞ አይብራ፤ ጥላውን ያጠፋዋል። ብርሃኑን የሚለኩት ከመጋረጃው ላይ ነው፤ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነው አይኤስኦ 3200 አካባቢ ይሁን። መጋረጃው በአምፖል ወይም በኤልኢዲ ሲበራ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ከወጣ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ያድርጉት፤ የአገሩ መብራት እንደ እኛው 50 ኸርዝ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ዳላንግ የሚባለው ባለሙያ ቆዳ አሻንጉሊቶቹን ሁሉ ብቻውን ሲያንቀሳቅስና በየድምፃቸው ሲናገር ይታያል፤ እዚያ ለመግባት እሱን ራሱን ያስፈቅዱ፤ የመክፈቻ ሥርዓቱንም ካልፈቀዱልዎ አያንሡ።

ጎንደር ወይና ደጋ ነች፤ ኬላንታን ግን ወበቅ ነው። ካሜራውን ከቀዘቀዘ ክፍል ሲያወጡ ሌንሱ በጉም ይሸፈናልና፣ በታሰረ ፌስታል ውስጥ ሆኖ ሙቀቱን እስኪለምድ ይጠብቁት። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት የምሥራቁ ጠረፍ ዝናብ ይበረታል፤ ቀጠሮ ሲይዙ ያስቡበት።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኬላንታን መንግሥት ማክ ዮንግንና ዋያንግ ኩሊትን ከሃይማኖት ጋር አይሄዱም በማለት አግዷቸው ነበር፤ ገደቡ ኋላ ቢላላም በዚያ ዘመን ጥበቡን ደብቀው ያቆዩ ቤተሰቦች አሉ። ስለዚህ ለማንሣት ያገኙት ፈቃድ ለማሳተም አይበቃም፤ ምስሉን በካሜራው መስኮት አሳይተው እንደ ገና ይጠይቁ፤ «ይህችን ተዋት» ካሉዎትም እዚያው ፊታቸው ያጥፏት። የፈቀዱልዎትን ደግሞ በከተማው አሳትመው ከመመለስዎ በፊት በእጃቸው ያድርሱላቸው።