ከሰዓት ከሰዓት የሙቀት ማስጠንቀቂያ የሚልክ የኔትወርክ ስዊች

ስዊቼ ከሰዓት ከሰዓት የሙቀት ማስጠንቀቂያ ይልካል፣ ተበላሽቶ ይሆን ወይ ላልከው፦ ብዙ ጊዜ ስዊቹ ተበላሽቶ ሳይሆን የሚስበው አየር ሞቆበት ነው። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ሞቃት ቦታ ያለ ካታሊስት 3850 (የሲስኮ ኔትወርክ ስዊች) በየቀኑ 8 ሰዓት ገደማ የሙቀት ማስጠንቀቂያ ልኮ ማታ ዝም የሚል ከሆነ መጀመሪያ የአየሩን ሙቀት ጠርጥር። «ማስጠንቀቂያው የሚነሳበትን የሙቀት ገደብ ከፍ አድርጌ ላጥፋው ወይ?» ላልከው፣ ተወው። መልእክቱ ይጠፋል፣ ሙቀቱ ግን አይጠፋም።

መጀመሪያ ስዊቹ ውስጥ ገብተህ «ሾው ኢንቫይሮንመንት ኦል» (show environment all) የሚለውን ትእዛዝ ጻፍ። «ኢንሌት» የሚለው የሚገባው አየር ነው፤ 46 ዲግሪ ላይ ቢጫ፣ 56 ላይ ቀይ ይሆናል። «ሆትስፖት» የሚለው የውስጡ ነው። እዚያ 60 ብታይ አትደንግጥ፣ የእሱ ቢጫ 105 ነው። እዚያው የፋኖቹን ሁኔታ እይ። አንዱ «ኦኬ» ካላለ ነገሩ አለቀ፣ ፋን ቀይር።

ፋኖቹ ደህና ከሆኑ የፊቱን ቀዳዳዎች አቧራ በደረቅ ብሩሽ ጥረግ፤ ስዊቹ ፊት የተጠቀለለ ትርፍ ኬብል ካለም አንሳው። ከስሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ) ካለ ወደ ሌላ ቦታ አዙረው፣ የሱ ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ከዚያ በማግስቱ 8 ሰዓት ላይ ኢንሌቱን ደግመህ አንብብ። ካልወረደ ክፍሉ ራሱ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ አንዴ ተቻኩዬ የራኩን (ስዊቹ የተቀመጠበትን ቁም ሳጥን) የኋላ በር ከፈትኩና ቬንትሌተር ደቀንኩበት። ኢንሌቱ ጭራሽ ጨመረ! ለካ ስዊቹ ከፊት ስቦ ከኋላ ነው የሚተፋው፤ የተፋውን ትኩስ አየር መልሼ እያጎረስኩት ነበር። ቬንትሌተር ከደቀንክ ከፊት በኩል ይሁን።